ጀልዴሳ ላይ የታሪክ ሰሌዳ ቢተከል ምን ይጻፍበት?

በሁለት ዓለም አቀፍ ውሎች ውስጥ ስሟ የተጻፈ አንዲት ትንሽ የኢትዮጵያ መንደር ጥቀሱ ብትባሉ ማንን ትጠራላችሁ? አድዋ እንዳትሉ፣ እሷ መንደር አይደለችም። ውጫሌ ካላችሁ ደግሞ ጥሩ ሞክራችኋል። እኛ ግን ዛሬ የምናወራው ከድሬዳዋ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ በቆላው ውስጥ ስላለችው ስለ ጀልዴሳ ነው።

በየካቲት 1888 እ.ኤ.አ. (1880 ዓ.ም.) እንግሊዝና ፈረንሳይ በሶማሌ ጠረፍ ላይ ድንበራቸውን ሲለዩ አንድ ጉዳይ ለይተው አስገቡ፦ ከዘይላ በጀልዴሳ በኩል ሐረር የሚደርሰው የሲራራ መንገድ ለሁለቱም ነጋዴዎች፣ ለአገሬውም ሰው ክፍት ሆኖ ይቆያል። ዘጠኝ ዓመት አልፎ በግንቦት 1889 ዓ.ም. አጼ ምኒልክ ከእንግሊዙ መልእክተኛ ከሬኔል ሮድ ጋር አዲስ አበባ ላይ ሲዋዋሉ ይኸው መንገድ፣ ከነጀልዴሳ ስሙ፣ እንደገና በውሉ ተጠቀሰ።

እንግዲህ ሦስት መንግሥታት በስሟ የሚጠሯት መንደር ቀላል መንደር አልነበረችም። ዛሬ ግን ከድሬዳዋ ልጆች መካከል እንኳ ይህን የሚያውቅ ስንት ሰው ይኖራል? ጥያቄያችን እዚህ ላይ ነው። በመንገዱ ዳር ቆሞ ይህን ለአላፊ አግዳሚው የሚናገር አንድ ሰሌዳ እናዘጋጅ ብንል ምን እንጽፍበታለን? ማንን እንጠቅሳለን? ማንንስ እንተዋለን? ነገሩ ቀላል ይመስላል። ልትጽፉት ስትነሱ ግን ታሪክ አጻጻፍ ራሱ እንዴት እንደሚሠራ ያስተምራችኋል።

በመጀመሪያ፣ የመንገድ ዳር የታሪክ ሰሌዳ ምንድን ነው?

ሐሳቡ ቀላል ነው። አንድ ነገር በተደረገበት ቦታ ላይ «ይህ እዚህ ሆነ» የሚል አጭር ጽሑፍ ማቆም ነው። ለንደን ውስጥ ታዋቂ ሰዎች በኖሩባቸው ቤቶች ግድግዳ ላይ ክብ ሰሌዳ መለጠፍ የተጀመረው በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። በአሜሪካ መኪና እየበዛ ሲሄድ ነገሩ ወደ አውራ ጎዳና ወጣ። የቨርጂኒያ ግዛት በ1927 እ.ኤ.አ. ሰሌዳዎቹን በመንገድ ዳር መትከል ጀመረች፤ ዛሬ ከ2,500 በላይ አሏት። ቴክሳስ ብቻዋን ከ16,000 በላይ አላት።

በምዕራብ አሜሪካ የከብት አርቢ ከተሞች ውስጥ እነዚህ ሰሌዳዎች ልዩ ቦታ አላቸው። አቢሊን የምትባለውን የካንሳስ ከተማ ውሰዱ። በ1867 እ.ኤ.አ. ባቡር ደረሰላት። ከቴክሳስ በእግር የሚነዱ ከብቶች እዚያ ደርሰው ባቡር ላይ መጫን ጀመሩ፤ መንደሯ በአንድ ጊዜ የታወቀች ገበያ ሆነች። አምስት ዓመት እንኳ ሳይሞላ የከብቱ ንግድ ወደ ሌሎች የባቡር ከተሞች ሄደ። ዛሬ ከብት ነጂዎቹ የሄዱበትን መንገድ የሚያሳዩ ምልክቶች በየሜዳው ቆመዋል።

የአቢሊንን ታሪክ ልብ በሉት፤ ወደ ጀልዴሳ ስንመለስ ይጠቅመናል። ሁለቱም ጭነት ከአንድ ዓይነት ማጓጓዣ ወደ ሌላ የሚዘዋወርባቸው ቦታዎች ነበሩ። ሁለቱም የባቡር ሐዲድ ዕጣቸውን ወስኖታል፤ አቢሊንን ሐዲድ ሠራት፣ ጀልዴሳን ግን ሐዲድ ገደላት ማለት ይቻላል።

ይሄ ነገር ከውጭ የመጣ ነው እንዴ?

በጭራሽ። አክሱም ከተማ፣ ወደ አጼ ካሌብ መቃብር በሚወስደው መንገድ ዳር፣ በአንዲት ትንሽ ቤት ውስጥ የቆመ ድንጋይ አለ። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኢዛና ያስጻፈው ነው። በድንጋዩ ላይ ስለ አንድ ዘመቻ በሦስት ዓይነት ፊደል ተጽፏል፦ በግሪክ፣ በሳባና በግዕዝ። ለምን ሦስት? ምክንያቱም በዚያ መንገድ የሚያልፈው ሰው አንድ ዓይነት ስላልነበረ ነው። ከባሕር ማዶ የመጣው ነጋዴ ግሪክኛ ያነባል፣ የአገሬው ሰው ግዕዝ። በመጨረሻም ድንጋዩን ያነሣ ወይም ያጠፋ ሰው ላይ እርግማን ተጽፏል። የዛሬ 1,600 ዓመት ገደማ እንኳ ሰው «ምልክቱን ማን ይነቅለው ይሆን?» ብሎ ይሰጋ ነበር ማለት ነው።

ሌላም አለ። በአዱሊስ ወደብ ላይ አንድ የአክሱም ንጉሥ ዘመቻዎቹን ያስጻፈበት የእብነ በረድ ዙፋን ነበር። ዙፋኑ ዛሬ የለም፤ ጠፍቷል። ጽሑፉ ግን በእጃችን አለ! እንዴት? በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ኮስማስ የሚባል ነጋዴ በቦታው ተገኝቶ ስለገለበጠው ነው። ከዚህ የምንማረው ነገር ግልጽ ነው፦ ድንጋይ ሊጠፋ ይችላል፣ ቅጂ ግን ሊተርፍ ይችላል። ይህን ነጥብ መጨረሻ ላይ እናነሣዋለን፣ ምክንያቱም እናንተም ልትሠሩት የምትችሉት ሥራ እሱ ነው።

ጀልዴሳ ለምን ጀልዴሳ ሆነች?

አሁን ወደ ቦታዋ እንሂድ። በኦሮምኛ «ጃልዴሳ» ማለት ዝንጀሮ ነው፤ ስሟም ይህንኑ ያስታውሳል። የድሮ የውጭ አገር መጻሕፍት ውስጥ ስትፈልጓት ግን ጊልዴሳ፣ ጌልዴሳ፣ ጌልዴሴይ እየተባለች ታገኟታላችሁ። አንድ ሰው በአንዱ አጻጻፍ ብቻ ፈልጎ «ምንም አልተጻፈባትም» ቢል ተሳስቷል።

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የሐረር ንግድ ከባሕር ጋር የሚገናኘው በዋነኛነት በዘይላ ወደብ ነበር። ርቀቱ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ከዘይላ እስከ ጀልዴሳ ያለው አገር ሞቃትና ደረቅ ቆላ ነው፤ የግመል አገር። ከጀልዴሳ በኋላ ግን መሬቱ ይነሣል። ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ወደ እርሷ የሚወስደው መንገድ ገደልና ድንጋያማ ዳገት ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ስለ ግመል እግር እናውራ። የግመል እግር ሰፊና ለስላሳ ነው። አሸዋ ላይ ሲረግጥ ይሰፋል፣ ክብደቱን ይበትናል፣ አይሰምጥም። ለሜዳ የተሠራ ድንቅ ነገር ነው። ስለታም ድንጋይ ላይ ግን ይቆስላል፣ እርጥብ ጭቃ ላይ ደግሞ ይንሸራተታል። በቅሎና አህያ ጠባብና ጠንካራ ሰኮና አላቸው፤ ቀጭን የተራራ መንገድ የእነሱ ነው። ስለዚህ ከባሕር የመጡት ግመሎች ጀልዴሳ ላይ ይራገፋሉ፤ ዕቃው በአህያና በበቅሎ ተጭኖ ወደ ሐረር ይወጣል። ከሐረር የወረደውም እዚያው ወደ ግመል ይዛወራል።

ይህ ለአንድ መንደር ምን ማለት እንደሆነ በቀላል ሒሳብ እንየው። አንድ ግመል ወደ 150 ኪሎ ግራም፣ አንድ አህያ ደግሞ ወደ 50 ኪሎ ግራም ይሸከማሉ ብለን እንገምት። መቶ ግመል ያለው ሲራራ ቢመጣ 15,000 ኪሎ ግራም ዕቃ ይዟል። ይህን ለማውጣት 300 አህያ ያስፈልጋል! ሦስት መቶ አህያ በአንድ ጀምበር አይገኝም። ነጋዴው ይጠብቃል። ሲጠብቅ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ያድራል። ዕቃው መጋዘን ይፈልጋል፣ ግመሎቹ ውኃና ግጦሽ ይፈልጋሉ፣ ጫኝና አውራጅ ይቀጠራል። መንግሥትም «ሁሉም እዚህ ስለሚቆም ቀረጡን እዚሁ ልሰብስብ» ይላል። ኬላ የሚቋቋመው እንዲህ ነው። አያችሁ? የአንዲት መንደር ዕድል ከግመል እግር ጋር ሊያያዝ ይችላል።

ሌላ ደግሞ አለ፦ የሰው ድንበር። በቆላው የኢሳ ሶማሌዎች፣ በአካባቢው ጉርጉራዎችና የኖሌ ኦሮሞዎች ይኖራሉ። ሲራራው በሰው አገር ሲያልፍ ዝም ብሎ አያልፍም፤ የአካባቢውን ሰው መሪና ዋስ አድርጎ ይይዛል። ሶማሌዎች ይህን ሰው «አባን» ይሉታል። ያለ አባን የሚሄድ ነጋዴ ንብረቱም ሕይወቱም አደጋ ላይ ነው። ስለዚህ ጀልዴሳ እንስሳ ብቻ ሳይሆን ኃላፊነትም ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፍባት ቦታ ነበረች።

በሃያ ሰባት ዓመት ውስጥ ምን ሆነ?

ሰሌዳው ላይ ለመጻፍ ዋና ዋናዎቹን ነገሮች በቅደም ተከተል እናስቀምጥ።

በ1875 እ.ኤ.አ. ጥቅምት ወር በራውፍ ፓሻ የሚመራ የግብፅ ጦር ከዘይላ ተነሥቶ ሐረርን ያዘ። ግብፆች ለአሥር ዓመት ያህል ከተማዋንና መንገዱን ተቆጣጠሩ። በ1885 እ.ኤ.አ. ሲወጡ ሥልጣኑ ለአሚር አብዱላሂ ተሰጠ።

በሚያዝያ 1886 እ.ኤ.አ. በቆንት ፖሮ የሚመራ የኢጣሊያ ተጓዦች ቡድን ወደ ሐረር ሲያመራ በጀልዴሳ አቅራቢያ ተገደለ። ትእዛዙ ከአሚሩ እንደመጣ ይነገራል።

በ1887 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ (1879 ዓ.ም.) ንጉሥ ምኒልክ በጨለንቆ ጦርነት አሚሩን አሸንፈው ሐረርን ያዙ። ደጃዝማች መኰንን፣ በኋላ ራስ የሆኑት፣ አገረ ገዥ ሆነው ተሾሙ። የጀልዴሳ ኬላም በአዲሱ አስተዳደር እጅ ገባ።

በሚያዝያ 1891 እ.ኤ.አ. ሐረር ላይ ይነግድ የነበረው ፈረንሳዊ አርተር ራምቦ ጉልበቱ ታሞ መራመድ አቃተው። አሥራ ስድስት ሸካሚዎች በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ዘይላ አወረዱት። በመንገድ ላይ በያዘው አጭር ማስታወሻ መሠረት ከሐረር ጠዋት 12 ሰዓት ተነሥቶ፣ አንድ ሌሊት በመንገድ አድሮ፣ በማግስቱ ረፋድ ላይ ጀልዴሳ ገባ። እዚያ አድሮ ጉዞውን ቀጠለ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ማርሴይ ውስጥ በ37 ዓመቱ ሞተ።

በ1897 እ.ኤ.አ. የሮድ ልዑካን ቡድን ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ጀልዴሳን አልፎ ነው።

በታኅሣሥ 1902 እ.ኤ.አ. (1895 ዓ.ም.) ደግሞ ከጅቡቲ የተነሣው ባቡር አሁን ድሬዳዋ የምንላት ቦታ ደረሰ። ያኔ «አዲስ ሐረር» ተብላ ነበር።

ያው ገደል፣ ሁለት ውጤት

ባቡሩ መጀመሪያ ሐረር ይገባል ተብሎ ታስቦ ነበር። ለምን ቀረ? መልሱ ፊዚክስ ነው፤ ገንዘብም አለበት። የባቡር ጎማ ብረት ነው፣ ሐዲዱም ብረት ነው። ብረት በብረት ላይ ሲንከባለል ግጭቱ ትንሽ ስለሆነ ሜዳ ላይ ብዙ ጭነት በትንሽ ጉልበት ይጎትታል። ዳገት ላይ ግን ይኸው ጥቅም ጉዳት ይሆናል፤ ጎማው ይዞ የሚወጣበት ነገር ያጣል። ለተራ ባቡር በ1,000 ሜትር ርቀት ውስጥ 25 ሜትር መውጣት ራሱ ከባድ ዳገት ነው። ሐረር ከድሬዳዋ ከ600 ሜትር በላይ ትበልጣለች። በዚያ ልክ ለመውጣት ቢያንስ 24 ኪሎ ሜትር ያለ ዕረፍት መውጣት ያስፈልጋል፤ መሐል ላይ ያለው ተራራ ደግሞ ከሐረርም ይበልጣል። ዋሻ፣ ድልድይ፣ ብዙ ብር። ሐዲዱ ወደ አዲስ አበባ መቀጠል ስለነበረበት የተራራውን ግርጌ ይዞ ሄደ።

አሁን ነገሩን አስተውሉት። ግመሎቹን ጀልዴሳ ላይ ያስቆማቸው ያ የተራራ ግድግዳ ነው። ባቡሩን ድሬዳዋ ላይ ያስቀረውም ያው ግድግዳ ነው። በግመል ዘመን ጀልዴሳን ያበለጸገው ተራራ በባቡር ዘመን ድሬዳዋን ወለደ። ተራራው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ወደ ተራራው የምንመጣበት መንገድ ነው። ጭነቱ ከጅቡቲ በባቡር ድሬዳዋ ሲደርስ በጀልዴሳ በኩል ለቀናት የሚንቀሳቀሰው ሲራራ ትርጉም አጣ። የጀልዴሳ ሰዎች ምንም አላጠፉም፤ መንገዱ ነው ትቷቸው የሄደው።

ለወጣት አንባቢ ይህ የድሮ ወሬ ብቻ አይደለም። አዲስ የፍጥነት መንገድ ሲከፈት በአሮጌው መንገድ ዳር ያሉ ሻይ ቤቶች ምን እንደሚሆኑ አይታችኋል። የድሬዳዋም አሮጌ ባቡር ጣቢያ አዲሱ ሐዲድ ከከተማው ወጣ ብሎ ሲዘረጋ ተመሳሳይ ነገር ደርሶበታል። የትናንቷን ጀልዴሳ ማወቅ የነገዋን ጀልዴሳ ለመለየት ይረዳል።

አሁን እንጻፍ፦ ሦስት ሙከራ

አንድ ሰሌዳ ስንት ቃል ይይዛል? በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ጽሑፉ ከ50 ሜትር ርቀት መነበብ ቢጀምር እንኳ ሾፌሩ ሦስት ሴኮንድ ብቻ አለው። በሦስት ሴኮንድ ስምና ዓመተ ምሕረት ቢነበብ ነው። ደግሞ በግምት 2.5 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው ፊደል ከ10 ሜትር ገደማ ርቆ ካለ ሰው በላይ አይነበብም። የእኛ ፊደል ደግሞ «ሰ»ንና «ስ»ን የሚለየው በትንሽ ጭረት ስለሆነ ጎላ ማለት አለበት። ስለዚህ ደህና ሰሌዳ መኪና ማቆሚያ ቦታ አጠገብ ይተከላል፤ ርእሱ ትልቅ፣ ጽሑፉ ከ80 ቃል ያልበለጠ ይሆናል። ሁሉን ማለት አይቻልም። ጭንቀቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያ ሙከራ፦ «ታላቁ ፈረንሳዊ ባለቅኔ አርተር ራምቦ በ1891 እዚህ አደረ።»

ስሕተት አለው? የለውም፤ እውነት ነው። ቱሪስትም ሊያቆም ይችላል። ግን ስለ ጀልዴሳ ምን ነገረን? አንድ ሌሊት ያደረ እንግዳ ስሙ ተጻፈ፤ እሱን በትከሻቸው ተሸክመው ተራራ ያወረዱት አሥራ ስድስት ሰዎች ጠፉ። ጄምስ ሎወን የተባለ አሜሪካዊ ምሁር በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የአገሩን የመንገድ ዳር ሰሌዳዎች መርምሮ ብዙ እንዲህ ያለ ነገር አግኝቷል። ሰሌዳ ሳይዋሽ ማሳሳት ይችላል፤ የሚያሳስተው በሚተወው ነገር ነው።

ሁለተኛ ሙከራ፦ «በ1886 የኢጣሊያ ተጓዦች በዚህ አካባቢ በግፍ ተጨፈጨፉ።»

ኢጣሊያ ውስጥ የተጻፉ ታሪኮች ነገሩን እልቂት ይሉታል፤ ሰዎች መሞታቸውም እውነት ነው። ግን አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1885 እ.ኤ.አ.፣ ኢጣሊያ ምጽዋን በጦር ይዛ ነበር። ከአሚሩ ወገን ሆኖ ለሚያይ ሰው የሚመጣው ቡድን «ተጓዥ» ብቻ ላይመስል ይችላል። ሰሌዳው የሞቱትን አይካድ፤ ግን «በግፍ»፣ «በጀግንነት»፣ «አረመኔ» የመሳሰሉ ፍርድ ሰጪ ቃላትን ትቶ ማን፣ ምን፣ መቼ እንዳደረገ ቢናገር ይሻላል። ፍርዱን አንባቢው ይስጥ። በተለይ ብዙ ሕዝብ አብሮ በሚኖርበት አካባቢ አንዲት ቅጽል የምታስነሣው ጠብ ቀላል አይደለም።

ከሦስተኛው ሙከራ በፊት ግን አራት ነገር እንፈትሽ።

አንደኛ፣ የዘመን አቆጣጠር። ግብፆች ሐረር የገቡበት ዓመት እንደ አውሮፓ 1875፣ እንደ እኛ 1868፣ እንደ ሂጅራ 1292 ነው። በዚያ መንገድ ላይ ሦስቱም አቆጣጠሮች ይሠሩ ነበር። ሰሌዳ ላይ «1875» ብቻ ብትጽፉ አንባቢው በእኛ ይመስለውና ሰባት ዓመት ይሳሳታል። «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» የምትል ትንሽ ምልክት ብዙ ታድናለች።

ሁለተኛ፣ የስም ትርጉም። ለምሳሌ የ«ድሬዳዋ»ን ስም ኦሮሞዎች በኦሮምኛ፣ ሶማሌዎች በሶማሊኛ ይፈቱታል፤ ትርጉሞቹም ይለያያሉ። አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል የታሪክ ሥራ አይደለም። ሁለቱንም «እንዲህ ይባላል» ብሎ ማስቀመጥ ይቻላል።

ሦስተኛ፣ ቋንቋ። ኢዛና ድንጋዩን በሦስት ፊደል ያስጻፈው ለጌጥ አልነበረም። ጀልዴሳ ላይ የሚቆም ሰሌዳ በአማርኛ ብቻ ቢሆን የቦታው ሽማግሌዎች የራሳቸውን ታሪክ ላያነቡት ነው። ኦሮምኛና ሶማሊኛ ሊኖሩበት ይገባል።

አራተኛ፣ የቀሩት ሰዎች። ግመል ነጂዎች፣ አባኖች፣ ሸካሚዎች፣ ለመንገደኛ ምግብ ያቀረቡ ሴቶች። እነዚህ ውል አልፈረሙም፣ ማስታወሻ አልጻፉም። የሚያሳዝነው ነገርም መተው የለበትም፦ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሐረር ወደ ዘይላ የወረደው ቡናና ቆዳ ብቻ አይደለም፤ በባርነት የተሸጡ ሰዎችም ነበሩ። የሚያስከብረንን ብቻ የሚጽፍ ሰሌዳ ማስታወቂያ እንጂ ታሪክ አይሆንም።

ሦስተኛው ሙከራ እንግዲህ ይሄው፦

«ጀልዴሳ። ከዘይላ ወደብ የመጡ ግመሎች እዚህ ይራገፉ ነበር። ከዚህ እስከ ሐረር ዕቃው በአህያና በበቅሎ ይወጣ ነበር። ቡናና ቆዳ ወደ ባሕር፣ ጨርቅና ጨው ወደ ደጋ ተጓዘ፤ በባርነት የተሸጡ ሰዎችም አልፈዋል። መሪዎቹ፣ ጫኞቹና ሸካሚዎቹ የዚህ አገር ሰዎች ነበሩ። መንገዱን ግብፆች፣ የሐረር አሚርና የምኒልክ ሹማምንት በየተራ ይዘውታል። በ1880 እና በ1889 ዓ.ም. ውሎች ስሟ ተጽፏል። በ1895 ዓ.ም. ባቡር ድሬዳዋ ሲደርስ ንግዱ ጥሏት ሄደ።»

ከ80 ቃል አይበልጥም። ፍጹም ነው አንልም። ራምቦ የለም፣ ፖሮም የለም። «ለምን ተዋችኋቸው?» የሚል ሰው ይኖራል፤ ይከራከር! ሰሌዳ የሚጠቅመው ሰው ቆሞ ሲከራከርበት ነው።

እናንተስ ምን ልታደርጉ ትችላላችሁ?

ሰሌዳ መትከል ፈቃድና ገንዘብ ይጠይቃል። የኮስማስን ሥራ መሥራት ግን ስልክ ያለው ሁሉ ይችላል። በሰፈራችሁ ወይም በወላጆቻችሁ አገር ያለ የድሮ መንገድ፣ ኬላ፣ ጉድጓድ፣ የመቃብር ድንጋይ ምረጡ። ድንጋዩ ላይ ጽሑፍ ካለ ፎቶ አንሡ፣ በእጃችሁም ገልብጡ። ከፎቶው ጋር ቦታውንና ቀኑን መዝግቡ፤ ቦታው ያልታወቀ ፎቶ ግማሽ ዋጋውን አጥቷል።

ከዚያ ሽማግሌ ጠይቁ። «ታሪኩ ምንድን ነው?» ከማለት «አባትዎ ዕቃ የሚጭኑት በምን ነበር? ከየት እስከ የት? ስንት ቀን ይፈጅ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል። ትልቅ ጥያቄ ትልቅ ንግግር ያመጣል፤ ትንሽ ጥያቄ ግን ማስረጃ ያመጣል። ሁለት ሰው ጠይቃችሁ መልሱ ከተለያየ አንዱን አትጣሉ፤ ሁለቱንም የተናጋሪውን ፈቃድ ይዛችሁ ጻፉ።

አንድ ማስጠንቀቂያም አለ። የድሬዳዋ ዙሪያ በጥንት ሰው አሻራ የተሞላ ነው። በከተማው አጠገብ ካለው የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ተመራማሪዎች 40 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን፣ ወደ 40,000 ዓመት ዕድሜ ያለው የቀይና የቢጫ አፈር ቀለም ስብርባሪ መዝግበዋል። ለገ ኦዳ ዋሻ ግድግዳ ላይ ደግሞ በመቶዎች የሚቆጠሩ የከብትና የሰው ሥዕሎች አሉ። እንዲህ ያለ ነገር ብታገኙ አትንኩት፣ ውኃ አትርጩበት፣ ስማችሁንም አትጻፉበት። የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ባለበት ሁኔታ ጠብቆ ለሚመለከተው አካል እንዲያሳውቅ ያዛል። ለወረዳችሁ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት መናገር ይበቃል።

ግመል የሚጭን ሰው የልጅ ልጅ ዛሬ ምናልባት ባጃጅ ይነዳል። ግመሉ ጀልዴሳ ላይ ለምን ይራገፍ እንደነበር የሚያውቁት አያቱ በሕይወት ካሉ ለመጠየቅ ጊዜው አሁን ነው። የአዱሊሱ ዙፋን ከመጥፋቱ በፊት አንድ ነጋዴ ቆሞ ገልብጦታል። የጀልዴሳንም የሚገለብጥ ይፈለጋል።